ታናሿ የቀደመቻት

መነጽር ሠሪዋ ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ በአንጋፋ ሯጮች ክበብ ውስጥ ግን ዕድሜዋን የሚያነሳባት አልነበረም። ሁሉም «ጥይት» ነበር የሚሏት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሐኪም ደም ግፊትሽ ከፍ ብሏልና በየቀኑ ተራመጂ ሲላት ወደ ሜዳው መጣች። ሁለት ቀን ተራመደች። በሦስተኛው ቀን መራመዱ ሰለቻትና ሮጠች። ዳር ቆሞ የነበረው ጡረተኛ የስፖርት አስተማሪ፣ የክበቡ አሠልጣኝ፣ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣

«አንቺ ሴትዮ፣ ከማን ነው የምትሸሺው?» አላት።

ያኔ የተጀመረ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ በእሷ የዕድሜ ምድብ በመቶ ሜትር የቀደማት ሴት አልተገኘችም። ሜዳሊያዎቿን ሱቋ ውስጥ፣ ደንበኞች ዓይናቸውን የሚለኩበት የፊደል ሰሌዳ አጠገብ ሰቅላቸዋለች። «ከላይ ያለውን መስመር ያንብቡልኝ» ስትላቸው «የመቶ ሜትር አንደኛ» ብለው የሚያነቡላት ቀልደኞች ነበሩ። እሷም ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «እሱን ካነበቡ መነጽር አያስፈልግዎትም» ትላለች።

የአንጋፋዎች ውድድር ደንቡ በአምስት በአምስት ዓመት ነው። ከስድሳ እስከ ስድሳ አራት ያሉት አብረው ይሮጣሉ፣ ከስድሳ አምስት እስከ ስድሳ ዘጠኝ ያሉት አብረው። እናም በምድቡ ውስጥ ያለችው ትልቋ ሁልጊዜ ትጎዳለች፣ አዲስ የገባችው ደግሞ ልጅ ናት። ሌላው ሰው ልደቱ ሲመጣ ሆዱ ይባባል፤ ሯጭ ግን ስድሳ አምስት እስኪሞላው ይቸኩላል። መነጽር ሠሪዋም ሁለት ዓመት እንደምንም ልታገስ እያለች ሳለ ነው ታናሽ እህቷ ስድሳ የሞላት።

ስለዚህች እህት መናገር ያስፈልጋል። ሕፃን ሳለች ደረቷ ደካማ ነበር። ትንሽ ብርድ ሲነካት ትንፋሿ ያፏጫል፣ ከንፈሯ ይጠቁራል። ስለዚህ እናታቸው ቤቱን በሙሉ በእሷ ትንፋሽ ዙሪያ አዋቀረችው። በሌላው ቤት ታናሽ የታላቅን ልብስ ትወርሳለች፤ በእነሱ ቤት ግን አዲሱ ካፖርት በየዓመቱ ለታናሿ ይገዛና ታላቋ በክንዷ ላይ ያጠረውን አሮጌ ትለብሳለች። ዝናብ የጣለ ዕለት እህቷን በጀርባዋ አዝላ ትምህርት ቤት ያደረሰቻትም እሷው ናት። እናታቸው ልትሞት ስትል እንኳ ሁለቱንም አስጠርታ የያዘችው የታላቋን እጅ ቢሆንም ያየችው ግን ታናሿን ነበር። «እህትሽን አደራ» አለቻት። ለታናሿ «እህትሽን አደራ» ያላት የለም።

ደረቷ በሠላሳዎቹ ዕድሜዋ ተሻላት። ሠላሳ አራት ዓመት በስልክ ኦፕሬተርነት፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሠራች። ባሏ ሞተ፣ ጡረታ ወጣች። አንድ እሁድ ታላቋ ቤት መጥታ፣ «እትዬ፣ ግድግዳ ላይ እንዳፈጠጥኩ ልሙት እንዴ?» ብላ አለቀሰች። በማግስቱ እጇን ይዛ ወደ ሜዳው የወሰደቻት ራሷ መነጽር ሠሪዋ ናት። በኋላ ላይ የሚያንገበግባት ይኼ ነበር። ራሴ ነኝ ያመጣኋት!

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስ ይሉ ነበር። ታናሿ የሟች ባሏን ሸሚዝ ለብሳ፣ እጇን እንደ ቀዛፊ እያወናጨፈች ትሮጣለች፣ ሁሉም ይስቃል። መነጽር ሠሪዋ ሯጭ ሲነሳ እግሩን የሚደግፍበትን የመነሻ ብረት አስተካክላላት፣ «ጣትሽን ከመስመሩ ኋላ፣ ዳሌሽን ከፍ፣ አንገትሽን ልቀቂ» እያለች አስተማረቻት። ልጅቷ (ስድሳ ዓመት ቢሆናትም ለእሷ ልጅቷ ነበረች) የተነገራትን ወዲያው ትይዛለች። ሦስት ወር ሲሆን ሳቁ ቆመ። አምስት ወር ሲሆን መነጽር ሠሪዋ ስትሮጥ ከኋላዋ የእግር ኮቴ ትሰማ ጀመር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከኋላዋ የሰማችው ነፋስ ብቻ ነበር።

በስድስተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት አሠልጣኙ ሁለቱን ጎን ለጎን አሮጣቸው። ሰባ ሜትሩ ላይ የእህቷ ትከሻ በቀኝ በኩል ብቅ አለ። መነጽር ሠሪዋ ጥርሷን ነክሳ ፍጥነት ጨመረች፤ ትከሻው ግን እየሰፋ ሄዶ ጀርባ ሆነ።

አሠልጣኙ ሰዓቱን ደጋግሞ አየ። «አሥራ አምስት ነጥብ ስምንት። ጥይት፣ አንቺ አሥራ ስድስት ነሽ። ወይ ጉድ! ይቺን እህትሽን እስከ ዛሬ የት ደብቀሽብን ነው?»

ክበቡ በሙሉ አጨበጨበ። ታናሿ ሮጣ መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «እትዬ፣ ያስተማርሽኝ እኮ ነው የሠራው!» አለቻት። መነጽር ሠሪዋ ጀርባዋን መታ መታ አደረገችላት። ፈገግ ለማለት ሞከረች፣ ጉንጯ ግን የሌላ ሰው ጉንጭ ይመስል እምቢ አላት።

የዚያን ዕለት ምሳ ስትሠራ ባሏ፣ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር፣ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ አያት።

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም።»

«ምንም ያልሆነ ሰው ድስት እንዲህ አያጋጭም።»

«ቀደመችኝ» አለች ጀርባዋን እንደሰጠችው።

«ማን?»

«ማን ትሆናለች!»

ባሏ ጋዜጣውን አጠፈና፣ «ታዲያ እህትሽ አይደለችም? ደስ ይበልሽ እንጂ» አላት። ይህን ከእናቷም ከጎረቤትም ስንት ዘመን ሰምታዋለች። እህትሽ ናት፣ ደስ ይበልሽ። አዲስ ካፖርት ተገዛላት፣ ደስ ይበልሽ። ሽንኩርቱን ከትፋ ከትፋ ዱቄት አደረገችው።

ከዚያ በኋላ ቅናቱ ሥራ ቦታም ይከተላት ጀመር። አንድ ቀን የባንክ ጥበቃ ለሆነ ደንበኛዋ ሌንስ እየከረከመች ሳለ፣ ሐሳቧ ሰባ ሜትሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ውሃው በማለስለሻው ድንጋይ ላይ እየፈሰሰ፣ ሌንሱ እየዞረ፣ እሷ ያንን ትከሻ እያየች፣ ስትነቃ ሌንሱ ከልኩ አንሷል። ፍሬሙ ውስጥ ስታስገባው እንደ ላላ ጥርስ ተነቃነቀ። በሠላሳ ስምንት ዓመት ሥራዋ እንዲህ ያለ ስህተት በጣት የሚቆጠር ነው። የተበላሸውን ሌንስ ከሌሎቹ ብልሽቶች ጋር ሦስተኛው መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው።

ዓመታዊው ውድድር ሲቃረብ የክበቡን ቅጾች ሰብስቦ ለአዘጋጁ ቢሮ ማድረስ የእሷ ሥራ ነበር፤ ጸሐፊ ናት። እያንዳንዱ ሯጭ ቅጽ ሞልቶ፣ ፎቶና የሕክምና ማስረጃ አያይዞ በፖስታ ይሰጣታል። ታናሿ የራሷን ይዛ ሱቅ ድረስ መጣች። ፎቶው ላይ ለሠርግ የምትሄድ ይመስል ሹራቧን እስከ አንገቷ ቆልፋለች።

«እትዬ፣ ተሳስቼ እንዳልሆነ እይልኝ። የትውልድ ዘመን የሚለው ላይ እጄ ተንቀጠቀጠ።»

«ደህና ነው።»

«ፈራሁ እኮ። ሰው ፊት ሮጬ አላውቅም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ምስጢር እንደምታካፍል ሰው፣ «አሠልጣኙ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? በዚህ ከቀጠልሽ የምድቡን ክብረ ወሰን ትሰብሪያለሽ አለኝ። እኔ! የማን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

የመነጽር ሠሪዋ ነበር። ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ታናሿ በእውነት አታውቅም፤ ነገሯ ሁሉ እንደዚያ ነው፤ ሳታውቅ ትወስዳለች።

«የአንዷ ይሆናላ» አለች መነጽር ሠሪዋ። ፖስታውን ተቀበለችና እህቷ በሩን ዘግታ እንደወጣች ሦስተኛውን መሳቢያ ከፍታ ከተበላሹት ሌንሶች ሥር ከተተችው። ለጊዜው ነው፣ ከሌሎቹ ጋር እንዳይደባለቅ ነው ብላ ለራሷ ነገረች። ዓርብ ዕለት ግን ሌሎቹን ሰባት ፖስታዎች ብቻ ቦርሳዋ ውስጥ አደረገች። ቢሮው ያለችው ተቀባይ ወጣት ሴት ቆጥራ፣ ማኅተም ይዛ ቀና አለች።

«ሰባት ናችሁ?»

«ሰባት ነን።»

ሁለት ቃል ናት። ከአፏ ስትወጣ እንኳ አልከበደቻትም።

የውድድሩ ቀን የተወዳዳሪዎች ዝርዝር በሜዳው መግቢያ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ታናሿ አዲስ ጫማዋን አድርጋ፣ ጣቷን ከላይ እስከ ታች አወረደች። እንደገና ከላይ ጀመረች።

«እትዬ፣ ስሜ የለም።»

«እንዴት የለም?»

«የለም። እይልኝ እስቲ፣ ያንቺ ዓይን ይሻላል።»

መነጽር ሠሪዋ ቀርባ የሌለውን ስም ፈለገች። አሠልጣኙ ሰምቶ እየሮጠ መጣ፣ አዘጋጆቹ ጠረጴዛ ድረስ ሄዶ ባርኔጣውን አውልቆ ተከራከረ። «ቅጿ አልደረሰንም» አሉት። እሱም ወደ መነጽር ሠሪዋ ዞረ።

«አድርሰሻል አይደል?»

«ሁሉንም ነው ያደረስኩት። እዚያው ጠፍቶ ይሆናል» አለች።

አሠልጣኙ ሊጮህ አፉን ሲከፍት ታናሿ ክንዱን ያዘችው። «ይተዉት አሠልጣኝ፣ ለከርሞ ይደርሳል። እትዬ ልትሮጥ ነው፣ አይረብሿት።» ከዚያም የእህቷን ቁጥር ተቀብላ ደረቷ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዘችላት። መርፌው ሸሚዙን አልፎ እንዳይወጋት አንድ ጣቷን ከሥር አግብታ ነበር የምታያይዘው።

ጥይት ያን ቀን አሸነፈች። አሥራ አምስት ነጥብ ዘጠኝ። መጨረሻው መስመር ላይ ከሁሉም በላይ የሰማችው የእህቷን የሻከረ ድምፅ ነበር፤ «የኔ ጥይት! የኔ ጥይት!» ሜዳሊያውን አንገቷ ላይ ሲያጠልቁላት አንድም ሰው አልጠረጠራትም፤ እንቅልፍ የነሳትም ይኸው ነው። ሜዳሊያውን ከሌሎቹ ጋር ለመስቀል ምስማር መታች፤ ከዚያ ምስማሩን ባዶውን ተወችው።

ነገሩ በዚያው ይቀር ነበር፤ አሠልጣኙ ግን የሚለቅ ሰው አልሆነም። የአቤቱታ ደብዳቤ ጻፈ። አዘጋጆቹም መርምረው ቅጽ የተቀበለችው ወጣት ናት ያጠፋችው አሉና ደመወዟን ሊቀጧት መሆኑ ተሰማ። ይህንን ለመነጽር ሠሪዋ የነገረቻት ራሷ ታናሿ ናት፣ ሱቅ መጥታ፣ ከልቧ እያዘነች።

«ምስኪን፣ ሆን ብላ እኮ አይደለም። ማን ያውቃል፣ ከጠረጴዛ ሥር ወድቆባት ይሆናል። ሄጄ ቅጣቱን ተዉላት ልበላቸው፣ እትዬ?»

መነጽር ሠሪዋ መፍቻውን አስቀመጠች። «እኔ እሄዳለሁ» አለች። እህቷ ከወጣች በኋላ ብዙ ቆማ ቆየች። ከዚያ ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ዘግታ፣ ፖስታውን ከመሳቢያው አውጥታ ወደ እህቷ ቤት ሄደች።

ታናሿ ልብስ እያሰጣች ነበር። ፖስታውን አየችው። የራሷን የእጅ ጽሑፍ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም።

«ከየት አገኘሽው?»

«ከመሳቢያዬ።»

«ረስተሽው ነው?»

መውጫ በር ከፍታላት ነበር። መነጽር ሠሪዋ በሩን አየችው፤ አላለፈችበትም።

«አልረሳሁትም። እኔ ነኝ ያስቀረሁት።»

ታናሿ እርጥቡን አንሶላ እንደያዘች ቀረች። «ለምን?»

«ቀናሁ።»

«በእኔ?» ሳቅ የሚመስል ነገር ከአፏ ወጣ። «በእኔ ነው የቀናሽው? ቁጥርሽን ያያዝኩልሽ ጊዜ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ስጮህልሽም?»

«አዎ።»

ታናሿ አንሶላውን ገመዱ ላይ ጣለችና ወደ ግቢው በር ጠቆመች። «ውጪልኝ» አለች። «እትዬ፣ ክፉ ሳልናገርሽ ውጪልኝ።»

ወጣች። ከዚያ በቀጥታ ወደ አዘጋጁ ቢሮ ሄዳ ጥፋቱ የእሷ መሆኑን በጽሑፍ ፈርማ ሰጠች። ወጣቷ ነፃ ወጣች፣ መነጽር ሠሪዋ ለስድስት ወር ከውድድር ታገደች። ለአሠልጣኙም ራሷ ነገረችው። አሠልጣኙ የጸሐፊነቱን መዝገብ ተቀብሏት ብብቱ ሥር አደረገ።

«ሜዳሊያውን መልሺ አልልሽም፤ ሮጠሽ ነው ያገኘሽው» አላት። «ከማን ጋር እንዳልሮጥሽ ግን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጥይት» ብሎ የጠራት የለም። ታናሿ ልምምዷን ወደ ማለዳ አዞረች፤ መነጽር ሠሪዋ ከሥራ በኋላ ብቻዋን ትሮጣለች። ስልክ ብትደውል አይነሳም። በባሏ በኩል ብትልክ፣ «ሰላም ነኝ በላት» የሚል መልስ ይመጣል፣ ሌላ ምንም። የሚገርመው ደግሞ ቅናቱ አልጠፋም ነበር። እህቷ በሌላ ከተማ ሮጣ አንደኛ መውጣቷን ስትሰማ መጀመሪያ የተሰማት ያው የድሮው ነገር ነው፣ ሆዷ ውስጥ እንደ ፍም። ያፈረችው ከዚያ በኋላ ነው።

በአምስተኛው ወር አንድ ረቡዕ የሱቁ በር ተከፈተና ታናሿ ገባች። ቦርሳዋን በሁለት እጇ አጥብቃ ይዛለች።

«መነጽር ልለካ ነው የመጣሁት» አለች። «የማንበቢያ። ወረፋ አለ?»

«የለም። ተቀመጪ።»

ሰሌዳውን አነበበች፣ ሌንስ ተቀያየረላት፣ ይሄ ይሻላል ይሄ አይሻልም ተባባሉ። ሥራው ተራ ሥራ ነበር። ከዚያ ግን በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለውን ርቀት መለካት መጣ፤ ለዚህ ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ማስመሪያውን አፍንጫ ላይ አድርጎ፣ ዓይን ለዓይን መተያየት ግድ ነው። መነጽር ሠሪዋ በቀን አሥር ሰው እንዲህ ታያለች። አሁን ማስመሪያው እጇ ላይ አልረጋ አላት።

«አትነቃነቂ» አለች።

«የምትነቃነቂው አንቺ ነሽ።»

ታናሿ ዓይኗን ሳትነቅል፣ «አምስት ወር ሙሉ ልጠላሽ ሞከርኩ» አለች። «መጥላቱስ ጥሩ ሄዶልኝ ነበር። አንድ ነገር እየመጣ አበላሸብኝ እንጂ።»

«ምን?»

«ልጆች ሆነን እናታችን መስኮት አጠገብ ታስቀምጠኝ አልነበር? በብርድ ልብስ ጠቅልላ? አንቺ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ስትሮጪ አይሽ ነበር። ሁሉንም ትቀድሚያለሽ። እኔ በየቀኑ ምን ብዬ እጸልይ እንደነበር ታውቂያለሽ? እግሯ ይሰበር እያልኩ።»

መነጽር ሠሪዋ ማስመሪያውን ዝቅ አደረገች።

«እውነቴን ነው። አንድ ቀን ወድቀሽ ጉልበትሽ ደማ። ጸሎቴ ተሰማልኝ ብዬ ተደሰትኩ፤ ወዲያው ደግሞ ፈርቼ አለቀስኩ። እናታችን ትንፋሿ አጥሯት ነው ብላ ያንን መራራ ሽሮፕ ሁለት ማንኪያ አጠጣችኝ።»

መነጽር ሠሪዋ ሳታስበው ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ መጣ። «እኔ እኮ አንቺን ሲያቅፉ እያየሁ ነበር የምቃጠለው» አለች። «ምነው ደረቴን ባመመኝ እል ነበር።» ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ «ታዲያ እኩል ነን ማለት ነው?» አለቻት።

«አይደለንም» አለች ታናሿ ወዲያው። «እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። አንቺ ስድሳ ሦስት።»

መነጽር ሠሪዋ ራሷን ነቀነቀች፣ ማስመሪያውን አነሳችና ለክታ ጨረሰች። ስድሳ አንድ ሚሊሜትር። ወረቀቱ ላይ ስትጽፍ ታናሿ ቦርሳዋን አንግታ ተነሳች።

«ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ሜዳው ላይ ነኝ» አለች። «ቅጽ አያስፈልገውም። ትመጫለሽ?»

ማክሰኞ ሦስት ሰው ብቻ ነበር ሜዳው ላይ፤ ሁለቱ እህትማማቾችና አሠልጣኙ። ሣሩ ጤዛ ይዟል። አሠልጣኙ ፊሽካውን ከኪሱ አውጥቶ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ መጨረሻው መስመር ላይ ቆመ። መነጽር ሠሪዋ የመነሻ ብረቷን አስተካከለች፤ እህቷም የራሷን፣ ማንም ሳይረዳት።

ፊሽካው ሲጮህ ቀድማ የወጣችው ታላቋ ናት። ሃያ ሜትር፣ ሠላሳ ሜትር በፊቷ ማንም የለም። ሃምሳው ላይ ኮቴው ተሰማ። ሰባው ላይ ትከሻው መጣ። መነጽር ሠሪዋ ያላትን ሁሉ አወጣች፤ ይህን ያህል ሮጣ አታውቅም፤ ጭኗ ተቃጠለ፣ ዓይኗ ውሃ አቀረረ። ታናሿ በአንድ እርምጃ ቀደመቻት።

«አሥራ አምስት ነጥብ አምስት» አለ አሠልጣኙ። «አንቺ ደግሞ አሥራ አምስት ነጥብ ሰባት። ጥይት፣ ይህ በሕይወትሽ ሮጠሽው የማታውቂው ነው።»

ስሟን ሲጠራ ሰማችው። ሆዷ ውስጥ ያለው ፍም ግን እንዳለ ነበር። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትንፋሿን ስትሰበስብ፣ «አሁንም ቀናሁ» አለች።

«አውቃለሁ» አለች ታናሿ፣ የመሮጫው መም ላይ እንደተዘረረች። «ፊትሽ ሎሚ የነከሰ መስሏል።»

«አነሳስ ላይ ቀድሜሽ ነበር።»

«ነበርሽ።»

«ሃያ ሜትር ቢሆን አሸንፍሻለሁ።»

«ሃያ ሜትር የሚባል ውድድር የለም፣ እትዬ።»

«ይኑር ነው የምለው!»

አሠልጣኙ ሳቁ አመለጠው። ታናሿ እጇን ዘረጋች፣ መነጽር ሠሪዋ ጎትታ አስነሳቻት። አብረው እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄዱ። በመካከላቸው ገና ያልተነገረ ነገር እንዳለ ሁለቱም ያውቁታል። አውቶቡሱ ሲመጣ ታናሿ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ዞረች።

«መነጽሬ መቼ ይደርሳል?»

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ እመጣለሁ እንግዲህ።»

መጣችም።